በዘጠኝ የድልህ ቆርቆሮ ወደ ጣና

ሰኞ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከቤት ወጥተን አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ገና አልነጋም። ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቷል። የአውቶቡሶቹ መብራት በየኩሬው ላይ ይንቀጠቀጣል። ረዳቱ ሻንጣችንን ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ጫነ፤ የአባቴን ረጅም ከረጢት ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ግን አባቴ ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«አባት፣ ልጅ ነው እንዴ እንዲህ የሚታቀፍ?» አለ ረዳቱ።

«አንተም ሠላሳ ዓመት ብትሸከመው ታቅፈው ነበር» አሉት።

ከረጢቱ ውስጥ ሦስት የጎልፍ ዱላዎች አሉ። እኔ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ካርቶን ደግሞ ዘጠኝ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ አልጋ ልብስ የሰፋኋቸው ዘጠኝ ቀያይ ባንዲራዎችና በካልሲ የተጠቀለሉ አራት ነጫጭ ኳሶች ይዟል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ጎልፍ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ሰፊ የሣር ሜዳ እያቋረጡ፣ በመጨረሻ ከስኒ ብዙም የማይሰፋ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ተጫዋቹ ዱላዎቹን ራሱ አይሸከምም። አባቴ ሠላሳ ዓመት በአንድ የአዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ የሰው ዱላ ተሸክመዋል። ኳሱ የት እንደወደቀ የሚያዩት፣ ለየትኛው ርቀት የትኛው ዱላ እንደሚሻል የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ። የሚመታው ግን ሌላ ሰው ነው። ጥሩ ሲመታ «ጥሩ ምት፣ ጌታዬ» ይላሉ። ሲስት «ነፋሱ ነው፣ ጌታዬ» ይላሉ። ልጅ ሳለን ቤታችን ውስጥ ሳህን የሰበረ ሁሉ የሚጽናናው በዚችው ቃል ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። አንዱ ሲሄድ ሦስቱን ዱላዎች ለአባቴ ትቶላቸው ሄደ። ሜዳ ግን አልተወላቸውም። አባቴ በግቢያችን አጥር ሥር ኳስ ይገፋሉ እንጂ ዘጠኝ ጉድጓድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውተው አያውቁም። ባለፈው ዓመት የግራ ዓይናቸው ጨለመ። ሐኪሙ የቀኙም ብዙ እንደማይቆይ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገረን።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ጥር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ባሕር ዳር ተልኬ ሳለሁ፣ አንድ እሑድ በሐይቁ ዳር ስሄድ ከብት የላጨው የሚመስል ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ አየሁ። ማንም አላየኝም ብዬ በእርምጃ ለካሁት፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ጻፍኩት። አዲስ አበባ ተመልሼ እቅድ አወጣሁ፤ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት መቶ ብር። ጊዜው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ሆነ፤ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ አባቴ ዓሣ እንዲበሉ። ሁሉንም ከደብተሬ ጋር ተማክሬ ወሰንኩ እንጂ ሰው አልጠየቅኩም። መጠየቅ ይከብደኛል። ዳቦ ቤት ሰው ተራዬን ሲወስድብኝ እንኳ ዝም እላለሁ።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ የዓባይ በረሃ በጉም ተሞልቶ ነበር። አውቶቡሱ ነጭ ጥጥ ውስጥ እንደሚገባ መርፌ ቀስ እያለ ገባ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጉሙ ከፈት አለና ውኃው ታየ፤ የተቆላ ገብስ የመሰለ ቀለም አለው፤ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይሄዳል። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ማዶ ወጥተን ደጀን ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ጠባቂ የቀበሌ የይለፍ ወረቀታችንን አንብቦ ካርቶኑን ከፈተ።

«ይሄ ሁሉ ቀይ ባንዲራ ምን ያደርጋል?»

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ ቀደም ብለው «ጉድጓዱ ያለበትን ከሩቅ ለማሳየት ነው» አሉ።

«የምን ጉድጓድ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አባቴ ግን በእርጋታ፣ ቆርቆሮውን እያነሱ፣ ኳሷን ከካልሲ እያወጡ አስረዱት። ጠባቂው ዱላውን መዝኖ፣ አገላብጦ፣ እስቲ አንዴ መትተው ያሳዩኝ አላቸው።

«እንዲህ ድንጋይ ላይ አይመታም» አሉት። «ሜዳው ባሕር ዳር ነው። ስመለስ እነግርሃለሁ።»

ጠባቂው ዱላውን መለሰላቸው። «ሲመለሱ እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድም።»

ያን ዕለት ደብረ ማርቆስ አደርን።

ማክሰኞ

ቡሬ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ የበቆሎው፣ የዳጉሳው፣ የሣሩ አረንጓዴ ለየብቻ ነው። ዳንግላ ላይ በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ገዛን። አባቴ በቀኝ መስኮት በኩል ተቀምጠው ደህናውን ዓይናቸውን መስታወቱ ላይ አስጠግተው ውለዋል።

ባሕር ዳር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገባን። በዘንባባዎቹ መካከል ባለው ሰፊ መንገድ ሄደን ሄደን፣ መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ሐይቁ ነበር። በጥር አይቼዋለሁ፤ ግን ይህ ሌላ ነው። ማዶው የለም። ሰማዩና ውኃው የት እንደተገናኙ ለማወቅ ብዙ ቆምኩ። ከወዲያ ዝናብ እንደ ግራጫ መጋረጃ እየተጎተተ ይመጣል፤ ከወዲህ ፀሐይ ነው፤ በመካከል አንዲት ታንኳ አለች፤ ከደንገል የተሠራች፣ ጉንዳን የምታህል። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ካልሆነ በቀር መንገድ ላይ ባርኔጣ ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም።

አልጋ በአምስት አምስት ብር አገኘን። እራት ሙሉ ዓሣ ጥብስ ነበር፤ ከሳህኑ ጭራው ይወጣል። አባቴ አጥንቱን በጣታቸው ጫፍ እየፈለጉ በሉ። ነገ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

ረቡዕ

የዓባይን ድልድይ በፍጥነት ተሻገርን፤ ድልድዩ ላይ መቆም ክልክል ነው። ከዓባይ ማዶ ወጥተን ሐይቁን ተከትለን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን። ጭቃው ጫማችንን ይይዛል። አባቴ ከረጢቱን ተሸክመዋል፤ ልያዝልዎ ብላቸው እንቢ አሉ። የመጨረሻዋን ትንሽ ጉብታ ቀድሜ ወጣሁና ቁልቁል ተመለከትኩ።

ሜዳው የለም።

በጥር ሥሩ ተቀምጬ ዳቦ የበላሁበት ሾላ ግንዱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ከሾላው ወዲያ፣ እስከ ማዶው ጉብታ ድረስ፣ ሜዳዬ የነበረበት ሁሉ ሐይቅ ነው። ሁለት ዳክዬ የሚመስሉ ይብራዎች ይዋኙበታል።

አባቴ ከኋላዬ ደረሱ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ቀና አደረጉ።

«ሣሩ እንዴት ያበራል» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሣር ላይ ስኖር እንዲህ ያለ አላየሁም። ማነው የሚያጭደው?»

ለአንድ አፍታ ዝም ልል አሰብኩ። ይህን ሣር ይዘው ቢመለሱስ ብዬ አሰብኩ። ግን ዱላቸውን ከከረጢቱ ማውጣት ጀምረው ነበር።

«አባባ፣ ሣር አይደለም። ውኃ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ሜዳውን ሸፍኖታል።»

እጃቸው ከረጢቱ ላይ ቆመ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ በጥር ያየሁትን በነሐሴም እዚያው አገኘዋለሁ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ እንዳመጣኋቸው ነገርኳቸው። ድምፄ እየሰለለ ሄዶ መጨረሻውን የሰሙት አልመሰለኝም።

ዱላውን መልሰው ከተቱና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ነፋሱ ነው፣ ጌታዬ» አሉኝ።

ያኔ ከዳጉሳው መካከል አንድ ሰው መኮትኮቻውን እንደያዘ መጣ። አያ አለኸኝ ይባላሉ፤ የዚያ ቦታ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። እኔን ሲያዩ ቆም አሉ፤ ወደ አባቴም ዞሩ።

«ይቺ በጥር መሬቱን በእግሯ ስትሰፍር የነበረችው ልጅ አይደለችም? እኔ ከዚህ ላይ ሆኜ አየኋት። መንግሥት መሬቱን ሊወስደው ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።»

ፊቴ ጋለ። አባቴ የመጣንበትን ሲነግሯቸው አያ አለኸኝ ቁጭ ብለው ሳቁ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነው።

«ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር። ይሄ ባሕር ሸሽ ነው። ክረምት የባሕሩ ነው፤ ኅዳር ላይ ሲሸሽ ለእኛ ይለቀዋል። የሸሸውን ተከትለን እንዘራለን፣ ከብት እናሰማራለን። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ኅዳር ተመለሱ።»

አባቴ ኅዳር ዓይናቸው እንደማይጠብቃቸው ነገሯቸው። አያ አለኸኝ ሳቃቸውን ትተው አንዱን ዱላ ተቀብለው አዩት። የገና ጨዋታ መምቻ ይመስላል አሉ፤ እሳቸውም በጉብዝናቸው የታወቁ የገና መቺ ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን አንድ ኳስ፣ በገና ቋንቋ አንዲት ሩር፣ እንደሚያባርር ሲሰሙ ግን አልገባቸውም።

«እኛ ለአንዲት ሩር ሃምሳ ሆነን እንፈነካከታለን። ጠብ የሌለበት ጨዋታ ምኑ ጨዋታ ነው?»

«ጠቡ ከራስ ጋር ነው» አሉ አባቴ።

አያ አለኸኝ ያደርንበትን ሆቴል ጠየቁንና ወደ ኩትኮታቸው ተመለሱ።

ሐሙስ

እቅዴ ላይ ሐሙስ «ሁለተኛ ጨዋታ» ይላል። ሰረዝኩትና ጢስ ዓባይ ሄድን። የተሳፈርነው የጭነት መኪና ላይ ነው። ሾፌሩ ሁለታችንንም ጋቢና አስገብቶ ስለ መንገዱ ጭቃ ሲያማርር ሄደ፤ በበጋ ብትመጡ ኖሮ በግማሽ ሰዓት አደርሳችሁ ነበር ይላል። በጋ የሚለውን ቃል መስማት አልፈለግኩም።

ከመንደሩ ወጥተን በእግር ስንሄድ መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ነበር። ነጎድጓድ መስሎኝ ሰማዩን አየሁ። ድምፁ ግን አይቋረጥም፤ ከእግራችን ሥር በመሬቱ ውስጥ ይመጣል። ከዚያ ሣሩ፣ ቅጠሉ፣ ድንጋዩ ሁሉ ዝናብ ሳይዘንብ ይንጠባጠብ ጀመር። መታጠፊያውን አልፈን ስንቆም ገደሉ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል። ውኃ ይወርዳል ማለት አይበቃውም፤ አገር ነው የሚወርደው። ቡናማው ጅረት ጫፉ ላይ ደርሶ ለአንድ አፍታ የሚቆም ይመስላል፤ ከዚያ ይሰበራል፤ ጢሱ ወደ ላይ ተመልሶ ከኮረብታው በላይ ይቆማል። ቀስተ ደመናው ከእኛ በታች ነበር።

በጥርም እዚህ መጥቼ ነበር። ያኔ ያየሁት ከዚህ ጋር ሲተያይ ከጣሪያ የሚወርድ ፍሳሽ ነው።

አባቴ ባርኔጣቸውን ይዘው ፊታቸውን ለጢሱ ሰጥተው ቆሙ። ምን ያህሉን እንደሚያዩ አላውቅም። ውኃው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ይሄ የትናንትናው ሐይቅ ነው?» አሉኝ ጆሮዬ ላይ እየጮሁ። አዎ፣ ከዚያ ሞልቶ የሚወጣው ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ሜዳሽን ቢወስድ ይፈረድበታል?»

አሥር ሰዓት ላይ ሆቴል ስንመለስ አያ አለኸኝ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ሲመክሩ ውለው ነበር።

«ሜዳ የለንም» አሉ ለአባቴ። «አውድማ ግን አለን። ዘጠኝ ቤት ነን፣ ዘጠኝ አውድማ። እስከ ታኅሣሥ ሥራ የለውም።»

ዓርብ

እህል የሚወቃበት አውድማ በክረምት ምን እንደሚሆን ያወቅኩት ዛሬ ነው። ክብና ለጥ ያለ ነው፤ ዓመት ዓመት በበሬ እግር የተደበደበው መሬቱ ደንዳና ስለሆነ የሚበቅልበት ሣር አጭርና ስስ ነው፤ ምንጣፍ ይመስላል። አባቴ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳሰሱት። «በእኛ ሜዳ ይህን ለማግኘት አሥራ ሁለት አትክልተኛ ይሠራ ነበር» አሉ። ዘጠኙ አውድማዎች በጉብታው ወገብ ተበታትነው፣ በዳጉሳ መካከል ባሉ የሣር ወሰኖች ይገናኛሉ።

ቆርቆሮ ልቀብር መቆፈሪያ ሳወጣ ግን አያ አለኸኝ እጄን ያዙ። አውድማ አይቆፈርም። በጫማም አይወጣበትም። በረከት የሚወርድበት ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይፈስሳል። ይህን ሲሉ ሌሎቹ ገበሬዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴም ጨዋታው ያለ ጉድጓድ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ ግን የሰው እምነት ላይ የሚከራከሩ ሰው አይደሉም፤ ዱላቸውን ወደ ከረጢቱ መለሱ።

እኔ ጫማዬን አውልቄ ቆሜያለሁ። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ታላላቆቼ ናቸው። ረቡዕ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ምን እንዳመጣ ትዝ አለኝ።

«ቆርቆሮው በጎኑ ቢተኛስ?» አልኩ። «ሳይቀበር፣ አፉን ወደ ኳሱ አድርጎ?»

አያ አለኸኝ ቆርቆሮውን ተቀብለው ሣሩ ላይ አስተኙት፤ ወዲያና ወዲህ ሆነው አዩት። ከዚያ ሌሎቹን አዩና ጫማቸውን አወለቁ።

አባቴ ከቅርብ ያለውን ኳስ ያያሉ፤ ከአውድማው ውጭ የተከልነውን ባንዲራ ግን አያዩትም። መጀመሪያ በእጄ አቅጣጫ አሳየኋቸው፤ ኳሱ ዳጉሳ ውስጥ ገባ። ስትኮተኩት የነበረች ሴት ቀና ብላ አነሳችውና የማን ዶሮ ናት እዚህ የጣለችው ብላ ሁሉንም አሳቀች።

«ሂጂና ቆርቆሮው አጠገብ ቁሚ» አሉኝ አባቴ። «ከዚያ ጥሪኝ። ወደ ድምፅሽ እመታለሁ።»

ሄድኩና «አባባ» አልኩ። አልሰሙኝም። ደግሜ አልኩ።

«የክፍል ተማሪዎችሽ እንዴት ነው የሚሰሙሽ?» ብለው ጮሁ ከወዲያ። ኮትኳቾቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩና ደረቴን አየር ሞልቼ ጮህኩ። ድምፄ ከጉብታው ላይ ወርዶ ሐይቁ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። የእኔ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ኳሱ ወሰኑን ተከትሎ መጣ።

እንዲህ እያልን ስምንት አውድማ ጨረስን። አንድ ኳስ በቆሎ ውስጥ ጠፋ። ዝናብ መጣ፣ ሄደ። ዘጠነኛው አውድማ ግን ከውኃው ማዶ ባለው ጉብታ ላይ ነው፤ በመካከል ያለው የእኔ ሜዳ ነው። አያ አለኸኝ ይህን መተው ይቻላል አሉ። አባቴ ዘጠኝ ካልሞላ ጨዋታ አይባልም አሉ።

«ውኃው ምን ያህል ይሰፋል?»

ማንም አያውቅም። ውኃ በእግር አይለካም። ያኔ ደብተሬ ትዝ አለኝ። ከካርቶኑ ሥር አወጣሁት። «ከሾላው እስከ ማዶው ጉብታ፣ መቶ አርባ ሁለት እርምጃ።» የጥር ቀለሜን ዝናብ ነካው።

አባቴ ሦስት እርምጃ አራመዱኝና እግሬ የረገጠበትን በዱላቸው ለኩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው ያሰቡትን ሒሳብ ለራሳቸው አሰቡት።

«ሰባት ቁጥር» አሉ፤ ከሦስቱ ዱላዎች ሰባት የተጻፈበትን መዘው።

አያ አለኸኝ በታንኳቸው አሻገሩኝ። ደንገሉ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፤ እጄን ብዘረጋ ይነካል። ወደ ታች ተመለከትኩ። ሜዳዬ እዚያ ነበር። ሣሩ አልሞተም፤ ከውኃው ሥር ረዝሞ ወደ አንድ ወገን ተበጥሮ፣ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ትንንሽ ዓሦች በመካከሉ ያልፋሉ። በጥር የሄድኩበትን መንገድ ከላዩ ተንሳፍፌ ሄድኩበት።

ማዶ ወጥቼ ባዶ እግሬን አውድማው ላይ ቆምኩ። ቆርቆሮውን አስተኛሁ። ከወዲያ አባቴ በሾላው ትይዩ ውኃው ዳር ቆመዋል፤ ከኋላቸው ኮትኳቾቹ ሁሉ መኮትኮቻቸውን ተደግፈዋል።

«አባባ!» አልኩ። «እዚህ ነኝ!»

ዱላው ወጣ፣ ወረደ። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰኝ። ኳሱ ከግራጫው ሰማይ ጋር ተመሳስሎ ጠፋብኝ። ውኃውን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በስተግራዬ ሣሩ ላይ አንድ ነገር ወደቀ፤ ነጠረ፤ ተንከባለለ፤ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ርቆ ቆመ።

ከማዶ ሁሉም ይጠብቃሉ። የት እንደወደቀ ማየት የማይችሉት አባቴ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገዋል።

«ጥሩ ምት፣ ጌታዬ!»

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በታንኳ ተሻግረው መጡና የቀረችውን አንድ ክንድ በትንሹ ገፏት፤ ኳሷ ቆርቆሮው ውስጥ ገብታ ጮኸች።

እሑድ

ቅዳሜ ተነስተን ማርቆስ አደርን። ቆርቆሮዎቹን፣ ባንዲራዎቹንና የቀሩትን ኳሶች ለአያ አለኸኝ ትተናል። ዱላዎቹን ዛሬ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሲጭናቸው አባቴ አልከለከሉትም።

ደጀን ኬላ ላይ ያው ጠባቂ ነበር። አባቴን ሲያያቸው ወረቀታችንን እንኳ ሳይቀበል፣ ሜዳው እንዴት ነበር አላቸው። ውኃ ገብቶበት ነበር አሉት።

«ታዲያ ሳይመቱ ተመለሱ?»

«መታሁ እንጂ። ልጄ ቀድማ ለክታው ነበር።»

ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ያየኛል።

«መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነው» አልኩት። «በውኃ ላይ።» ከአውቶቡሱ ኋላ የቆሙት ሳይቀሩ ሰሙኝ።